ፀሐይ ላይ የተሰጣ ታሪክ

በነቀምቴ ክረምቱ ሲወጣና ሰማዩ ሲጠራ በየግቢው የሚታይ አንድ የታወቀ ትዕይንት አለ። ወራቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የከረመው ልብስ ከየሣጥኑ ወጥቶ በገመድ፣ በአጥርና በሣር ላይ ይሰጣል። ጋቢውም፣ ቡሉኮውም፣ የዘወትር ቀሚሱም ከፀሐይ ድርሻውን ያገኛል። ፀሐይ ሻጋታን ታጠፋለች፤ ሽታን ታስወግዳለች። ይህ ልማድ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ከሻጋታው ጋር ሌላም ነገር ይዛ እንደምትሄድ የተረዳነው፣ ፊዚክስ ተምረን ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም በራሳችን ጥፋት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአክስታችን እጅ አንድ ቀሚስ ተቀበልን። ቀሚሱ ሴት አያታችን፣ በወለጋ አጠራር አኮ የምንላቸው፣ ለበዓል ብቻ ይለብሱት የነበረ ባለ አበባ የቺት ቀሚስ ነው። መደቡ ቀይ፣ አበባው ነጭ ነው። ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም በምናስተምርበት ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቻችን ልናሳየው አስበን ከሣጥን ብናወጣው የሻጋታ ሽታ ሸተተን። እንደ ልማዱም ጠዋት ገመድ ላይ ሰጣነው። የምዝገባ ሰሞን ነበርና ረሳነው፤ የቤት ሰው ማታ እያስገባ ጠዋት መልሶ እያወጣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ስናነሣው ፀሐይ ያረፈበት ትከሻና ደረት ቀይነቱን ለቆ ወደ ሮዝ ገርጥቷል፤ በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ግን እንደ ጥንቱ ቀይ ነው። አክስታችን ቀሚሱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እናቴን አገረጣሃት» አሉን። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እኛም መልስ አልነበረንም።

ይህችን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ዝምታ ነው። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፦ እናቶቻችንና አያቶቻችን በነቀምቴ፣ በግምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በደምቢ ዶሎ የለበሷቸው የታተሙ የጥጥ ልብሶች የታሪክ ሰነዶች ናቸው። እነዚህ ሰነዶች በየዓመቱ እየጠፉ ያሉት በጠላት እጅ ሳይሆን በብርሃን፣ በእርጥበት፣ በሳሙናና ባለማወቃችን ነው። ለማዳን ደግሞ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ውድ መሣሪያ ሳይሆን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው ሳይንስ ነው።

ቺት ወደ ወለጋ እንዴት መጣ?

በጥጥ ጨርቅ ላይ አበባና ሐረግ የማተም ጥበብ ጥንታዊ ምድሩ ህንድ ነው። የህንድ ባለሙያዎች በተቀረጸ የእንጨት ማኅተም፣ ቀለምን ከጨርቅ ጋር በሚያጣብቁ የብረትና የአሉሚኒየም ጨዎች እየታገዙ፣ ታጥቦ የማይለቅ ቀለም ያትሙ ነበር። ቺት የሚለው ስያሜም ምንጩ ከዚያው ነው። አውሮፓውያን ጥበቡን ቀድተው በማሽን አባዙት። ቶማስ ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1783 በተቀረጸ የመዳብ በርሜል ጨርቅ የሚያትም ማሽን የባለቤትነት መብት ካስመዘገበ በኋላ፣ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ቀን የሚፈጸም ሆነ። ርካሹ የታተመ ጨርቅም ዓለምን አዳረሰ።

ወለጋ ከዚህ ዓለም አቀፍ ገበያ ውጭ አልነበረም። ሞረዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሣ ሞረዳ ሌቃ ነቀምቴን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን የነቀምቴ ገበያ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና የሚገናኙበት ስፍራ ነበር። እነዚህ ሲወጡ ጨውና ጨርቅ ይገባ ነበር። በምዕራብ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ባሮ በክረምት ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡት የእንፋሎት ጀልባዎች ጨውና ጨርቅ አራግፈው፣ ከደምቢ ዶሎና ከጎሬ በኩል በጭነት የወረደውን ቡና ይዘው ይመለሱ ነበር። በመካከለኛው አገር በኩልም የጅቡቲ ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ የውጭ ጨርቅም በቅሎና አህያ ላይ ተጭኖ ወደ ምዕራብ ይጓዝ ነበር።

ጨርቅ በአገራችን የውጭ ግንኙነት ታሪክ ውስጥ የያዘው ቦታ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አሜሪካ በኢትዮጵያ የነበራት ዋና ጥቅም ዛሬም አቡጀዲ የምንለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ሽያጭ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ጃፓን በተጓዙበት ዘመን ደግሞ የጃፓን የጥጥ ጨርቅ የኢትዮጵያን ገበያ እየተቆጣጠረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 በድሬዳዋ፣ በ1961 ደግሞ በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ። እንግዲህ የአንዲት የግምቢ ወይዘሮ ቀሚስ ከማንችስተር፣ ከቦምቤይ፣ ከኦሳካ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ራሱ ጨርቁ ነው።

«የባዕድ ጨርቅ ምን ቅርስ ነው?»

ይህን ጉዳይ ስናነሣ ብዙ ጊዜ የሚገጥመን ጥያቄ ይህ ነው። በሸማኔ የተሠራው ነጠላና ጥለቱ ቅርስ ነው፤ ፋብሪካ ያተመው ቺት ግን የባዕድ ዕቃ ነው ይባላል። አባባሉ ውስጥ እውነት አለ፤ የሸማኔው ጥበብ የራሱ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የልብስ ታሪክ የሽመና ታሪክ ብቻ አይደለም። ጨርቁ ከባሕር ማዶ ቢመጣም የመረጠችው፣ በቡናዋ ወይም በቅቤዋ ዋጋ የገዛችው፣ ስፌቱን ያዘዘችው፣ በሠርግና በጥምቀት የለበሰችው የአገራችን ሴት ናት። የሰፋውም በገበያው በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ መኪናውን ይዞ የተቀመጠው የከተማው ልብስ ሰፊ ነው። የታጠፈው ጫፍ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ከረዘመ፣ ቀሚሱ ከእናት ወደ ልጅ ተላልፏል ማለት ነው። ብብቱ በሌላ ጨርቅ ከተጠገነ፣ የችግሩን ዘመን ይነግረናል። የጽሑፍ መዝገብ ስለ ገዥዎችና ስለ ጦርነቶች ብዙ ይላል፤ በነቀምቴ ገበያ እንቁላል ሸጣ ቀሚስ ስለ ገዛች ሴት ግን ዝም ይላል። የእሷ መዝገብ ቀሚሷ ነው።

«ፎቶግራፍ አለ አይደለም ወይ?» የሚልም ይኖራል። እዚህ ላይ ፊዚክስ መልስ አለው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብዛት ይሠራባቸው የነበሩት የፎቶግራፍ ሳህኖች ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ንቁ፣ ለቀይ ብርሃን ግን ዕውር ነበሩ። ስለዚህ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር የለበሰች ትመስላለች፤ ውሃ ሰማያዊው ደግሞ ነጭ ይሆናል። የዘመኑን ፎቶግራፍ አይተን «በዚያን ጊዜ ሰዎች ጥቁር ያዘወትሩ ነበር» ብንል ተሳስተናል። የዚያ ዘመን ቀለም የእማኝነት ቃሉን የሚሰጠው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በጨርቁ ላይ።

ጨርቁ ዘመኑንም ይናገራል። ከቀይ ቀለሞች ሁሉ የታወቀው አሊዛሪን ማደር ከሚባለው ተክል ስር ይወጣ ነበር፤ ጀርመናውያን ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ከጥጥ ጋር በኬሚካዊ ትስስር የሚያያዙት ቀለሞች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ እነዚህ የተገኙበት ልብስ ከዚያ በፊት ታትሟል ሊባል አይችልም። የፖሊስተር ጭረት የተገኘበት ጨርቅም እ.ኤ.አ. ከ1941 በፊት የተሠራ አይደለም፤ ፖሊስተር ያኔ አልነበረምና። ይህን ለመለየት የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ከስፌቱ ውስጥ የረገፈች አንዲት ጭረት በ100 እጥፍ አጉልተን ስናያት፣ የጥጥ ጭረት እንደ ተጠማዘዘ ሪባን፣ የፖሊስተር ጭረት ግን እንደ ለስላሳ ዘንግ ትታያለች።

ፀሐይ በሦስት ቀን ምን ሠራች?

አሁን ወደ አኮ ቀሚስ እንመለስ። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ የኃይል እሽጎች እንደሚጓዝ ተምረናል። የአንዱ ፎቶን ኃይል ከሞገድ ርዝመቱ ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል። ቀዩ ብርሃን፣ ማለትም ባለ 700 ናኖሜትሩ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶን 1.8 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይይዛል፤ ባለ 400 ናኖሜትሩ ሐምራዊ 3.1፣ ባለ 350 ናኖሜትሩ ልዕለ ሐምራዊ (አልትራቫዮሌት) ደግሞ 3.5 ገደማ። ሁለት የካርቦን አተሞችን አጣምሮ የሚይዘውን ነጠላ ትስስር ለመበጠስ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል እንደሚያስፈልግ ብናስታውስ፣ ልዕለ ሐምራዊ ብርሃን የጥጥን ሴሉሎስ ለማፍረስ ምን ያህል እንደተቃረበ እንገነዘባለን። የሚታየው ብርሃንም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ቀለም ቀለም የሚሆነው ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ የዋጠውን ኃይል የተሸከመው ሞለኪውል ከአየር ኦክስጅንና ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ ይፈራርሳል። የፈረሰ ሞለኪውል ተመልሶ አይገጣጠምም። የደበዘዘ ቀለምን የሚመልስ ሳሙናም ሆነ ቤተ ሙከራ የለም።

ጉዳቱ የሚለካው በብርሃኑ መጠንና በጊዜው ብዜት ነው። ሙዚየሞች ለብርሃን ስሱ ለሆኑ ጨርቆች የሚፈቅዱት ወደ 50 ሉክስ ብቻ ነው። ለትምህርት በውጭ አገር ሳለን አንድ ሙዚየም ገብተን የጥጥ ቀሚሶች የተቀመጡበት ክፍል ለምን እንደጨለመ ገርሞን ነበር፤ መብራት ለመቆጠብ መስሎን ነበር። ስሌቱን አብረን እንሥራው። 50 ሉክስ በቀን ለ8 ሰዓት፣ በዓመት ለ300 ቀን ቢበራ በዓመት 120,000 ሉክስ ሰዓት ይሆናል። ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ግን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ፀሐይ ለአንድ ዓመት የሙዚየም ብርሃን የቀረበ ነው ማለት ነው። ቀሚሳችን ለሦስት ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ አገኘ ብንል 1,800,000 ሉክስ ሰዓት ነው፤ ይህም በሙዚየም የ15 ዓመት ድርሻው ነው። በዚህ ላይ ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ልዕለ ሐምራዊ ብርሃን በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የደጋ ፀሐይ ለስላሳ መስሎ ይፋጃል። ይህን ስሌት ተማሪዎቻችን በአሥር ደቂቃ ይሠሩታል። እኛ ግን ቀሚሱን ከሰጣን በኋላ ሠራነው።

ሌሎቹ ጠላቶች

ከብርሃን ቀጥሎ የሚመጣው እርጥበት ነው። ነቀምቴ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዷ ናት። አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ሲያልፍና ሳይቀንስ ሲቆይ ሻጋታ ይበቅላል። ልብስን በፌስታል አሥሮ ማስቀመጥ የተጠነቀቅን ይመስለናል፤ እርጥበቱን ግን አብረን እያሠርነው ነው።

ሦስተኛው የጨርቁ የራሱ ኬሚስትሪ ነው። በብዙ የቆዩ ህትመቶች ጥቁሩና ቡናማው መስመር በብረት ጨው የተያዘ ነው። ብረት የሴሉሎስን ኦክሳይድ መሆን ያፋጥናል፤ ስለዚህ ሌላው ደህና ሆኖ የአበባው ጥቁር ጠርዝ ብቻ ተበልቶ እናገኘዋለን። ይህ የብል ሥራ አይደለም። ብል ሱፍን ይመርጣል፤ ጥጥን የሚወድ ምስጥ ነው። ምስጥ ሴሉሎስ ይመገባል፤ በምዕራብ ወለጋ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የአካባቢው ገበሬ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል።

አራተኛው ጠላት ፍቅራችን ነው። የአያትን ልብስ ለማክበር ብለን እናጥበዋለን፣ በበረኪና እናነጣዋለን፣ በጋለ ካውያ እንተኩሰዋለን። በረኪና ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ሴሉሎሱንም ይቆራርጣል። እንዶድ እንኳን፣ ያ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የቀንድ አውጣ ገዳይነቱን የደረሱበት የአገራችን ሳሙና፣ ለዘወትር ልብስ ይሁን እንጂ ለደከመ ጨርቅ አንመክረውም። እርጥብ ጨርቅ ከባድ ነው፤ የደከመ ጭረት ክብደቱን አይችልም። የቅቤና የቡና ነጠብጣቡም ቢሆን የታሪኩ አካል ነው።

ምን እናድርግ?

በቤት ውስጥ የሚሠራው ቀላል ነው። የቆየ ልብስ ይናፈስ፤ ነገር ግን በደረቅ ቀን፣ በጥላ ሥር፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይናፈስ። ማስቀመጫው ከመሬትና ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ የምድጃ ጢስ የማይደርስበት ይሁን። ጨርቅ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከታጠፈ በዚያው መስመር ይቀደዳልና፣ ቢቻል በጥቅል ይቀመጥ፤ ካልተቻለ እጥፋቱ በየጊዜው ይቀያየር። ለመጠቅለያ የሚመከረው የነጣና ያሸበረቀ ጨርቅ አይደለም። በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ታጥቦ ፋብሪካው የቀባው ስታርች የለቀቀ ተራ አቡጀዲ ነው፤ የዓለም ሙዚየሞችም ተመሳሳዩን ይጠቀማሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ከቺት ጋር በአንድ ጭነት የመጣው አቡጀዲ ዛሬ የቺት ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ታሪኩ ይጻፍ። ማን ለበሰችው? ማን ገዛላት? ከየትኛው ገበያ? ማን ሰፋው? መልሱ በእርሳስ በወረቀት ተጽፎ ከልብሱ ጋር ይቀመጥ። ከነጭ ወረቀት ጎን ተዘርግቶ በጥላ ብርሃን ፎቶግራፍ ይነሣ። ልብሱ ሊቆይ ይችላል፤ መልሱን የሚያውቁት አረጋውያን ግን አይቆዩንም።

በትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። በእጅ ስልክ የብርሃን መለኪያ የክፍሉን፣ የመስኮቱንና የግቢውን ሉክስ መለካት ይቻላል፤ ቁጥሩ ግምታዊ ቢሆንም ልዩነቱን ለማሳየት ይበቃል። አንድ ባለ ቀለም ቁራጭ ጨርቅ ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ ለአንድ ወር መስኮት ላይ ማስቀመጥና ውጤቱን መመዝገብም ይቻላል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎች ደግሞ ናሙና ሳይቆርጡ ቀለምንና ማዕድንን የሚለዩትን የራማንና የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ዘዴዎች ለአገር ታሪክ ሊያውሏቸው ይገባል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመጠበቅ ኃላፊነት ለመንግሥት ብቻ አልተወም፤ ባለይዞታውም ግዴታ አለበት። በነቀምቴ ያለው የወለጋ ሙዚየምም ከየቤቱ ልብስ ሳይነጥቅ ታሪኩንና ፎቶግራፉን ቢሰበስብ፣ ልብሱ ከባለቤቱ ጋር፣ እውቀቱ ከሕዝቡ ጋር ይሆናል።

«የሚለብሰው ባጣ ሕዝብ መካከል ስለ አሮጌ ቀሚስ መጨነቅ ተገቢ ነውን?» ለሚለን መልሳችን ይህ ነው። ለብርድ የሚፈለግ ልብስ ይለበስ፤ ከሰው የሚበልጥ ቅርስ የለም። ነገር ግን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች የደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ ሣጥን ተሸክሞ አይሸሽም። ቤቱን ትቶ የወጣ ሰው ስለ እናቱ የሚነግረው አንድ ጨርቅ ምን ያህል እንደሚያጽናናው ለመረዳት ሙዚየም መግባት አያስፈልግም። ስለዚህ በእጃችን የቀረውን መጠበቅ ቅንጦት ነው ብለን አናምንም።

የአኮ ቀሚስ አሁን በታጠበ አቡጀዲ ተጠቅልሎ በጨለማ ተቀምጧል። በክፍል ስናሳየው መጋረጃውን ጋርደን ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ተማሪዎቻችን የገረጣውን ትከሻና በእጥፋቱ ውስጥ የቀረውን ቀይ እያስተያዩ ስለ ፎቶን ኃይል ይማሩበታል። የጠፋው ቀለም አይመለስም። አክስታችን ግን የቀሚሱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነግረውናል፤ ጽፈነዋልም። ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለውን ቀሚስ ባለታሪክ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ልብሱንም ለማናፈስ ስታወጡት ጥላ ፈልጉለት።